ቃለ መጠይቅ እምቢ ያለችው ደራሲ፦ ከ«ብሪጀርተን» በፊት ጆርጄት ሄየር ነበረች

«ብሪጀርተን»ን ያላየ፣ ቢያንስ ቅንጭቡ ቲክቶክ ላይ ያልመጣበት አለ? ጭፈራው፣ ረጃጅሙ ቀሚስ፣ በሠረገላ የሚመጣው መስፍን፣ ለልጆቻቸው ባል ፍለጋ የሚሯሯጡት እናቶች... ኔትፍሊክስ በ2020 መጨረሻ ያወጣው ይህ ተከታታይ ፊልም የተሠራው ከአሜሪካዊቷ ጁሊያ ኩዊን ልቦለዶች ነው። ግን በዚያ ዘመን ላይ እንዲህ ያለ የፍቅር ታሪክ መጻፍን ያስጀመረችው ሌላ ሴት እንደሆነች ነው የሚነገረው። እንግሊዛዊቷ ጆርጄት ሄየር። ዛሬ ስለ እሷ እናውጋ። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ለታመመ ወንድም የተፈጠረ ታሪክ

ጆርጄት በ1902 ለንደን፣ ዊምብልደን ተወለደች። ዩኒቨርሲቲ አልገባችም። 17 ዓመቷ ላይ ወንድሟ ቦሪስ ታሞ እያገገመ ነበር፤ ደሙ ቶሎ የማይረጋበት ሕመም ነበረበት። እሱን ለማጫወት ብላ ታሪክ መፍጠር ጀመረች። አባቷ ሲሰማው ወደደውና እንድታሳትመው ገፋፋት። «ጥቁሩ የእሳት እራት» የተባለው ይህ መጽሐፍ በ1921 ወጣ። ገና 19 ዓመቷ ነበር።

በ1925 ሮናልድ ሩዢዬ የሚባል የማዕድን መሐንዲስ አገባች። እሱ ማዕድን ፍለጋ ወደ ያኔዋ ታንጋኒካ፣ የዛሬዋ ታንዛኒያ ሲሄድ እሷም ተከተለችው። እስቲ አስቡት፦ ጫካ ውስጥ፣ በሣር ጎጆ ቁጭ ብላ ስለ 18ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ መኳንንት ትጽፋለች! ማመሳከሪያ መጻሕፍቷ አብዛኞቹ አጠገቧ አልነበሩም። እንዲያም ሆኖ እዚያ በጻፈችው ልቦለድ ውስጥ የሚጠቀሰው የታሪክ ስህተት አንድ ብቻ ነው። አንድ የለንደን ክለብ የተከፈተበትን ጊዜ በአንድ ዓመት አስቀድማዋለች። በቃ!

ያለ ማስታወቂያ 190,000 ቅጂ

በ1926 ሌላ ልቦለዷ ሲወጣ እንግሊዝ በጠቅላላ የሥራ ማቆም አድማ ተናግታ ነበር። ስለ መጽሐፉ ጋዜጣ ላይ አልተጻፈም፣ ሂስ የለም፣ ማስታወቂያ የለም። ግን 190,000 ቅጂ ተሸጠ። ጆርጄት ከዚህ አንድ ነገር ተማረች፦ መጽሐፌ ያለ እኔ ወሬ ይሸጣል። ከዚያ በኋላ ዕድሜ ልኳን ቃለ መጠይቅ አልሰጠችም። በግል ሕይወቷ የምትታወቀው በባሏ ስም ስለነበር ብዙ አንባቢዎቿ ያንን ስም የሰሙት ስትሞት ነው።

የእንደራሴው ዘመን

ታሪኮቿ ዝነኛ የሆኑበት ዘመን ከ1811 እስከ 1820 ያለው ነው። የእንግሊዙ ንጉሥ ጆርጅ 3ኛ አእምሮው ታውኮ መግዛት ሲያቅተው ልጁ እንደራሴ ሆኖ አገሪቱን አስተዳደረ። የኛው ተፈሪ መኮንን የንግሥት ዘውዲቱ እንደራሴ እንደነበሩት ማለት ነው።

ዝነኛዋ ጄን ኦስተን ስለዚያ ጊዜ ስትጽፍ የምትኖርበትን ዘመን ነው የጻፈችው። ጆርጄት ግን ከመቶ ዓመት በላይ ዘግይታ ስለመጣች ሁሉንም መቆፈር ነበረባት። ቤቷ ውስጥ ከ1,000 በላይ የታሪክ መጻሕፍት ነበሯት። ማስታወሻዎቿን ልብስ፣ ባርኔጣ፣ ሱቅ፣ ዋጋ እያለች ትከፋፍላቸዋለች፤ በአንድ ዓመት ሻማ ስንት ይሸጥ እንደነበር ሳይቀር መዝግባለች። ናፖሊዮንን ዋተርሉ ላይ ያሸነፈው የዌሊንግተን መስፍን እንዴት እንደሚጽፍ ለማወቅ ራሱ የጻፈውን ደብዳቤ ገዝታለች። በ1937 ስለዚያ ጦርነት ያወጣችው ልቦለድ በእንግሊዝ የጦር አካዳሚ ለትምህርት ይጠቀስ እንደነበር ይነገራል።

የቤቱን ወጪ ማን ይሸፍን?

ይህ ሁሉ ግን ለመዝናናት አልነበረም። አባቷ በ1925 በድንገት ሞተ። ባሏ ማዕድኑን ትቶ የስፖርት ዕቃ ሱቅ ከፈተ፤ ኋላም ሕግ ሊማር ገባ። በ1932 ልጅ ወለዱ። ቤቱን ያቆመው የእሷ ብዕር ነው። ለዓመታት በየዓመቱ አንድ የፍቅርና አንድ የወንጀል ምርመራ ልቦለድ ታወጣ ነበር። ዝነኛ ከሆነች በኋላም የግብር ዕዳ አላስተኛትም። «ቀላል ንባብ» እየተባለ የሚናቀው መጽሐፍ በስተጀርባው ይህን ያህል ልፋት ነበረው።

«ኮፒ» ሲደረግባት

በ1950 አንድ አንባቢ ጻፈላት። ባርባራ ካርትላንድ የተባለችው ታዋቂ የፍቅር ልቦለድ ጸሐፊ የገጸ ባሕርያቷን ስምና የታሪኳን ሴራ ወስዳለች የሚል ጥቆማ ነበር። ጆርጄት መጻሕፍቱን ጎን ለጎን አስቀምጣ ተመሳሳይ ነው ያለችውን አንድ በአንድ ዘርዝራ ለጠበቆቿ ሰጠች። ነገሩ ፍርድ ቤት አልደረሰም፤ ይቅርታም አልመጣም። መቅዳቱ ግን ቆመ። ጠበቆቿ ወሬውን ለጋዜጣ እንድታሾልክ ቢመክሯትም አሻፈረኝ አለች። በዛሬ ቋንቋ «ላይቭ» አልገባችም።

እንከን የላትም እያልን አይደለም። በዚያው በ1950 በወጣው «ታላቋ ሶፊ» ውስጥ አይሁዳዊውን አራጣ አበዳሪ የሳለችበት መንገድ ዘረኛ ነው፤ እስከ ዛሬም ያስወቅሳታል። መጽሐፏን የሚወዱ ሰዎችም ይህን አይክዱም።

እስር ቤት የገባው ልቦለድ

ጆርጄት ብዙ ታጨስ ነበር፤ በ1974 በሳንባ ካንሰር ሞተች። ያኔ 48 መጻሕፍቷ ገበያ ላይ ነበሩ፤ ለቦሪስ የፈጠረችውም ጭምር።

የራሷን ሥራ ስታቃልል የምትታወቀው ይህች ሴት አንድ ቀን ከአንዲት ሮማኒያዊት ደብዳቤ ደረሳት። ሴትዮዋ የፖለቲካ እስረኛ ነበረች። በእስር ባሳለፈቻቸው 12 ዓመታት ከአንዱ የጆርጄት የፍቅር ልቦለድ ያስታወሰችውን ታሪክ ደጋግማ እየተረከች ነው የራሷንም የእስረኞቹንም መንፈስ ያቆየችው። በዚያ ክፍል ውስጥ ደራሲዋ ማን እንደሆነች፣ መልኳ ምን እንደሚመስል የጠየቀ አልነበረም። ታሪኩ ብቻውን በቂ ነበር።

እናንተስ፣ «ተራ የፍቅር መጽሐፍ ነው» ተብሎ የተናቀ፣ ግን ክፉ ጊዜን ያሻገራችሁ መጽሐፍ አለ? ስሙን ኮሜንት ላይ ጻፉልን፤ እኛም እናነበዋለን።