ያውቁ ኖሯል? የበረዶ ቅንጣትም ልክ አለው

የአሸተን ማርያም ቤተ ክርስቲያን ከዐለት የተፈለፈለችው ከላሊበላ ከተማ በላይ፣ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ነው፤ በአካባቢው ያለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ጫፍ ደግሞ ከ4,200 ሜትር ያልፋል። በእንዲህ ያለ ደጋ ክረምት የሚወርደው ብዙውን ጊዜ ድፍን በረዶ ነው። የአየር ጠባይ ባለሙያዎች በዚህ መደብ የሚያስገቡትም ስፋቱ 5 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው።

እንደ ባዘቶ የሚረግፈው ስስ በረዶ ግን ሌላ ነው። አገራችን እሱንም ታውቀዋለች፤ ደግሞም ከጥንት! የእስክንድርያው ነጋዴ ኮስማስ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አዱሊስ ላይ የገለበጠው የድንጋይ ጽሑፍ፣ አንድ የአክሱም ንጉሥ በስሜን ተራሮች ሰው እስከ ጉልበቱ የሚሰጥምበት በረዶ እንደገጠመው ይናገራል። እንዲህ ያለ የጽሑፍ ምስክር ያላቸው የአፍሪካ ተራሮች ጥቂት ናቸው።

የዚህ ስስ በረዶ ቅንጣት እንዴት ይለካል? ከክምሩ ጥቂት ተቆንጥሮ በሚሊሜትር በተሰመረ ሰሌዳ ላይ ይበተንና በማጉያ መነጽር ይታያል። የሚመዘገበው ረጅሙ ጎን ነው፤ ከ0.2 ሚሊሜትር በታች እጅግ ደቃቅ፣ ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር ሻካራ ይባላል። ቀን ቀልጦ ሌሊት የሚረጋ ቅንጣት እያደር ይተልቃል። ትልቅ ቅንጣት ደግሞ ዓይን የማያየውን ኢንፍራሬድ ጨረር ይበልጥ ስለሚውጥ፣ ሳተላይቶች እግር በማይደርስበት ገደል ያለውን የበረዶ ቅንጣት ልክ እንኳ ከሕዋ ሆነው ይገምታሉ።