ጉልበቱ ለጨመረ ሞተር ፍሪሲዮን መምረጥ

ፍሪሲዮን የሞተርን ጉልበት ወደ ካምቢዮ የሚያሻግረው በሰበቃ ነው። በሁለት ገጹ ሸራ የለበሰው ዲስክ፣ ከሞተሩ ጋር በሚዞረው ቮላኖና በሞላ በሚገፋው ተጫኝ ሳህን መካከል ተጨብጦ ይዞራል፤ ፔዳሉ ሲረገጥ ይለቀቃል። ሳይንሸራተት የሚሸከመው ቶርክ፣ ማለትም የመጠምዘዝ ኃይል፣ የአራት ነገሮች ብዜት ነው፦ የሸራው የሰበቃ መጠን፣ የሞላው ግፊት፣ የዲስኩ አማካይ ሬዲየስና የሚሳበቁት ገጾች ብዛት። ስለዚህ ለምርጫው መነሻ የሚሆነው የፈረስ ጉልበት ሳይሆን ቶርክ ነው።

ኒሳን እ.ኤ.አ. በ1989 ያወጣው ስካይላይን ጂቲ-አር ባለሁለት ተርቦ ሞተሩ 353 ኒውተን ሜትር ቶርክ ይሰጥ ነበር። ለስሌት ያህል የሰበቃ መጠኑ 0.3፣ ግፊቱ 7,000 ኒውተን፣ አማካይ ሬዲየሱ 0.1 ሜትር የሆነ ባለአንድ ዲስክ ፍሪሲዮን 420 ኒውተን ሜትር ይይዛል፤ ለዚህ ሞተር በቂ ትርፍ አለው። የተርቦው ግፊት ከፍ ብሎ ቶርኩ 500 ቢደርስ ግን ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል። ምልክቱ ቀድሞ የሚታየው በከፍተኛ ማርሽ ነዳጅ ሲሰጥ ነው፦ የሞተሩ ዙር ይጨምራል፣ ፍጥነቱ ግን አብሮ አይጨምርም። ሰበቃው የሚፈጥረው ሙቀት ሸራውን ያቃጥላል፤ የጋለ ሸራ ደግሞ የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል።

መፍትሔው ሦስት መንገድ አለው። የሞላውን ግፊት በሩብ ማሳደግ አቅሙን ወደ 525 ያደርሰዋል፤ ሆኖም ፔዳሉ ይከብዳል፣ በተረገጠ ቁጥርም የሞተሩን ዘንግ በርዝመቱ አቅጣጫ የሚገፋው ኃይል ይጨምራል። የሰበቃ መጠኑ 0.4 የሆነ ሸራ 560 ይይዛል። ሴራሚክና ብረት የተቀላቀለበት ሸራ ከተለመደው የበለጠ ሙቀት ይችላል፤ አያያዙ ግን ድንገተኛ ስለሆነ መኪናው ሲነሳ ይንቀጠቀጣል፣ ቮላኖውንም ቶሎ ይበላል። ሦስተኛው ሁለተኛ ዲስክ መጨመር ነው። ገጾቹ አራት ስለሚሆኑ ግፊቱ ወደ 5,500 ዝቅ ቢል እንኳ አቅሙ 660 ይሆናል፤ ፔዳሉም ይቀላል። ጉድለቱ ዋጋውና የዕቃዎቹ መብዛት ነው።

ከሚጠበቀው ከፍተኛ ቶርክ ከ15 እስከ 30 በመቶ የሚበልጥ አቅም በአብዛኛው ይበቃል። ከዚያ በላይ የጠነከረ ፍሪሲዮን ድንገተኛውን ኃይል ሳያለዝብ ወደ ካምቢዮና ወደ አክስል ያስተላልፋል። በዚህም የተነሳ በከተማ መጨናነቅ ለሚውል መኪና ለስላሳ ሸራና መሃሉ ላይ ንዝረት የሚያለዝቡ ሞላዎች ያሉት ዲስክ ይመረጣል፤ ሞላ የሌለው ዲስክ ለውድድር መኪና ይሻላል።

ቮላኖውም ችላ አይባልም። ቀላል ቮላኖ ሞተሩ ዙር በፍጥነት እንዲጨምር ያደርጋል፤ ነገር ግን መኪናን ከቆመበት ማስነሳት ያስቸግራል። የቆየው ቮላኖ ካልተቀየረ ገጹ መታረስ አለበት፤ ፔዳሉ ሲረገጥ የተጫኙን ሳህን ሞላ የሚገፋው ኩሽኔታም አብሮ ይለወጣል። አዲሱ ሸራ ከቮላኖው ጋር በሙሉ ገጹ እስኪገጥም ድረስ፣ አምራቹ ለሚያዝዘው ኪሎ ሜትር ያህል፣ መኪናው ያለ ከባድ ጭነትና ያለ ድንገተኛ አነሳስ ይነዳል።