ከመምህሩ ደጅ አጠገብ፤ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤትን ስለ መምረጥና ማደሪያን ስለ መፈለግ

በሀገራችን የሊቃውንት ሥርዓት ለከፍተኛው ትምህርት የተነሣ ደቀ መዝሙር አስቀድሞ የሚጠይቀው የደብሩን ስፋት ወይም የሀገሩን ልምላሜ ሳይሆን፣ በዚያ ወንበር ዘርግቶ የሚያስተምረው መምህር ማን እንደ ሆነ ነበር። ቅኔ የፈለገው ወደ ዋሸራ ወይም ወደ ጎንጅ፣ ድጓ የፈለገው ወደ ጋይንት ቤተ ልሔም፣ ዝማሬና መዋሥእት የፈለገው ወደ ዙር አባ፣ አቋቋምና የመጻሕፍት ትርጓሜ የፈለገው ወደ ጎንደር ሲገሠግሥ፣ ስንቁ በአኩፋዳው የያዘው ቆሎ፣ ልብሱም የበግ ለምድ ደበሎ ሆኖ ሳለ፣ በደረሰ ጊዜ ከመጀመሪያ ሥራዎቹ አንዱ ከመምህሩ ደጅ በማይርቅ ስፍራ እንጨትና ሣር ሰብስቦ ጎጆውን መቀለስ ነበር። ትምህርቱ ከሌሊት እስከ ማታ፣ ከቃል ጥናት እስከ ቅኔ ዘረፋ የሚዘልቅ ስለ ሆነ፣ ከመምህሩ ርቆ የሚያድር ተማሪ የትምህርቱን ግማሽ እንዳጣ ይቈጠር ነበርና፣ መምህሩን መምረጥና ማደሪያውን መሥራት እንደ አንድ ጉዳይ የሚታሰቡ ነበሩ።

በዘመናችን ለሁለተኛ ዲግሪ ወይም ለዶክትሬት የሚነሡ ብዙ ወጣቶች ግን እነዚህን ሁለት ነገሮች ለያይተው ያስባሉ፤ ትምህርት ቤቱን በስሙ ገናናነት ይመርጡና፣ ማደሪያውን ትምህርት ሊጀመር ጥቂት ቀን ሲቀረው በደላላ እጅ በችኰላ ይፈልጉታል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ሁለቱ ምርጫዎች በአንድነት ሊታሰቡ እንደሚገባቸው፣ በትምህርት ቤቱም ምርጫ ከስሙ ይልቅ መምህሩና የምርምሩ መሣሪያ ሊቀድሙ እንደሚገባቸው ማስረዳት ነው።

ለዚህ ማስረጃ ይሆነን ዘንድ የአዲስ አበባን ዩኒቨርሲቲ እንመልከት። ይህ ተቋም በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተብሎ ተከፈተ፤ በ1954 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ የገነተ ልዑልን ቤተ መንግሥት ለትምህርት በሰጡ ጊዜ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተሰኘ፤ የድኅረ ምረቃን ትምህርት በራሱ ትምህርት ቤት አደራጅቶ መስጠት የጀመረው ደግሞ በ1971 ዓ.ም. ገደማ ሲሆን፣ የዶክትሬቱም ትምህርት ከዚያ አሥር ዓመት ሳይሞላ ተከተለ። ከዚህ በፊት በነበረው ጊዜ ከመጀመሪያው ዲግሪ በላይ መማር የሚሻ ኢትዮጵያዊ በአብዛኛው ባሕር ተሻግሮ ወደ አውሮፓ ወይም ወደ አሜሪካ መሄድ ነበረበት፤ ዛሬ ግን በየክፍለ ሀገሩ የተቋቋሙት ዩኒቨርሲቲዎች ይህን ትምህርት ስለሚሰጡ፣ የተማሪው ችግር የቦታ ማጣት መሆኑ ቀርቶ ከብዙ መካከል የሚስማማውን ለይቶ የማወቅ ችግር ሆኗል።

በዚህ ምርጫ ጠቅላላ ዝና መልካም መሪ አይደለም። በሐረርና በድሬዳዋ መካከል የሚገኘው የሐሮማያ ዩኒቨርሲቲ ከአሜሪካው የኦክላሆማ የእርሻ ኮሌጅ በተገኘ እርዳታ በእርሻ ትምህርት የተመሠረተ ነው፤ የጎንደርም ዩኒቨርሲቲ ሥሩ በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ነው። ስለዚህ ስለ ማሽላ ወይም ስለ አፈር መመራመር የሚሻ ሰው የዋና ከተማው ስም ስለ ማረከው ብቻ የሐሮማያን የሙከራ እርሻ ቢተው፣ ወይም የሕዝብ ጤና የሚያጠና ሰው የጎንደርን የረጅም ዘመን ልምድ ሳይመረምር ቢያልፍ፣ ለስሙ ሲል ግብሩን እንደ ለቀቀ ይቈጠራል። በአንጻሩ የኢትዮጵያን ታሪክና የጥንት ብራና መጻሕፍትን ለሚያጠና ሰው፣ በቀድሞው ቤተ መንግሥት የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም በቅርብ መኖሩ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን የስድስት ኪሎ ግቢ ተመራጭ ያደርግለታል።

የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት በአብዛኛው ሁለት ዓመት ሲሆን፣ ፊተኛው ዓመት በክፍል ትምህርት፣ ኋለኛው ዓመት በመመረቂያ ጽሑፍ ያልፋል፤ ብዙ ተማሪ ተሰናክሎ ጊዜው የሚያልፍበትም ይኸው ኋለኛው ዓመት ነው። በዚህ ጊዜ የተማሪው ሥራ የሚቃናውም ሆነ የሚጓተተው በአማካሪ መምህሩ ነውና፣ ጠቢብ አመልካች ማመልከቻውን ከማስገባቱ አስቀድሞ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ገብቶ በዚያ ክፍል የተጻፉትን የመመረቂያ ጽሑፎች ያገላብጣል፤ በእያንዳንዱ ጽሑፍ ላይ የአማካሪው ስም ተጽፎ ስለሚገኝ፣ ማን በየትኛው ጉዳይ እንደሚያማክር ከዚያ ይረዳል። ቀጥሎም በትምህርቱ ላይ ያሉትን ነባር ተማሪዎች፣ ረቂቃቸው ታርሞ እስኪመለስ ስንት ጊዜ እንደሚጠብቁ፣ መምህሩ ስንት ተማሪ እንደያዘ፣ የቤተ ሙከራው መሣሪያና ኬሚካል በእርግጥ እንዳለ ወይም በወረቀት ላይ ብቻ እንደሆነ በትሕትና ይጠይቃል። የትምህርት ሚኒስቴር የሚያዘጋጀውን ሀገር አቀፍ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ማለፍ የበሩን መክፈቻ ይሰጣል እንጂ ከበሩ በስተኋላ ያለውን አያሳይም።

አሁን ወደ ማደሪያው ጉዳይ እንሻገር። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስሙ አንድ ቢሆንም ግቢዎቹ የተበተኑ ናቸው፤ የታሪክ፣ የቋንቋና የሕግ ተማሪ በስድስት ኪሎ፣ የምሕንድስና ተማሪ በአምስት ኪሎ፣ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ በአራት ኪሎ፣ የሕክምና ተማሪ በጥቁር አንበሳ፣ የሥነ ሕንፃ ተማሪ በልደታ፣ የንግድ ሥራ ተማሪ በሰንጋ ተራ ይማራል፤ የእንስሳት ሕክምና የሚማረውም ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደምትገኘው ወደ ቢሾፍቱ ይወርዳል። ስለዚህ ከክፍለ ሀገር የሚመጣ ተማሪ የሚማርበትን ግቢ ለይቶ ሳያውቅ ቤት እንዳይዝ፣ ዩኒቨርሲቲውም በግቢው ውስጥ ዶርም ይሰጠው እንደሆነ ከሬጅስትራር ጽሕፈት ቤቱ በቅድሚያ እንዲጠይቅ ይገባዋል፤ በተለይም በራሱ ወጪ የሚማር ሰው የግቢ ማደሪያን ተስፋ አድርጎ መምጣት አይኖርበትም።

በስድስት ኪሎ ዙሪያ የሚማር ሰው በሽሮ ሜዳ፣ በፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ በቀበናና በመነን አካባቢ ከዋናው ቤት በስተጓሮ የተሠሩ ሰርቪስ ክፍሎችን ያገኛል። እንዲህ ያለው ክፍል ጠባብ ቢሆንም በእግር የሚደረስበት ነው፤ ነገር ግን ውሃው በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ፣ የመብራቱ ቆጣሪ የጋራ እንደሆነና ሒሳቡ እንዴት እንደሚካፈል፣ መጸዳጃው ለስንት ሰው እንደሆነ፣ የግቢውም በር በስንት ሰዓት እንደሚዘጋ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ በተለይ የማታ ተማሪና ሴት እኅቶቻችን ከዋናው መንገድ እስከ ቤቱ ያለውን መንገድ ሲመሽ ሄደው ሊያዩት ይገባል። በሌላ ወገን በየካ አባዶ፣ በቱሉ ዲምቱ ወይም በኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ሰፋ ያለ ቤት ሊገኝ ይችላል፤ ሆኖም በቀን ሁለት ሰዓት በታክሲ ሰልፍና በመንገድ የሚያሳልፍ ተማሪ፣ በሳምንት አምስት ቀን ቢመላለስ፣ በወር ወደ 40 ሰዓት ያህል ያጠፋል፤ ይህም የአንድ ሠራተኛ የሙሉ ሳምንት የሥራ ጊዜ ነው። እንግዲህ የቤቱ ኪራይ ሲነጻጸር የታክሲው ዋጋና የጠፋው ሰዓት አብረው ይደመሩ፤ ሁለት ወይም ሦስት የትምህርት ጓደኞች ተባብረው በቅርብ አንድ ቤት ቢይዙም ብዙ ጊዜ ከሁሉ የሚሻል ይሆናል።

ሕጉን ማወቅም ይጠቅማል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ የውሉም ዘመን ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያው ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ክፍያውም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲፈጸም ያዝዛል። ሁለት ዓመት የሁለተኛ ዲግሪው ትምህርት ዘመን ስለ ሆነ፣ ይህ ድንጋጌ ለተማሪ የተለየ ጥበቃ ነው፤ የመመረቂያ ጽሑፉን በሚጽፍበት ወራት ዕቃውን ጭኖ ሌላ ቤት ፍለጋ እንዳይንከራተት ያደርገዋልና። ስለዚህ ተማሪው በአፍ ስምምነት ረክቶ አይቅር፤ ያላየውን ቤት በስልክ ተማምኖ ቀብድ አይላክ፤ የደላላውንም ኮሚሽን ቤቱን አይቶ፣ ውሉን ፈርሞ፣ ቁልፉን ከተረከበ በኋላ ይክፈል።

አከራዮችም በበኩላቸው ተማሪን በጓሯቸው ማሳደር ከኪራይ ገንዘብ የሚያልፍ ቁም ነገር እንዳለው ያስቡ፤ የቀደሙት አባቶችና እናቶች ደጃቸው ለቆመው ተማሪ ቁራሽ ሳይነፍጉ ሊቃውንትን ለሀገር አትርፈዋል። ዩኒቨርሲቲዎችም በየዓመቱ የሚቀበሉትን ተማሪ ሲቆጥሩ ማደሪያውንም አብረው ይቁጠሩ፤ ባይችሉ እንኳ በአካባቢው ያሉትን የታመኑ የኪራይ ቤቶች መዝግቦ ለአዲስ ተማሪ የሚያሳይ አንድ ጽሕፈት ቤት ማቋቋም ከአቅማቸው በላይ አይደለም። አንተም አንባቢዬ፣ አንቺም እኅቴ፣ ለድኅረ ምረቃ ትምህርት የምታስቡ ከሆነ፣ በመጀመሪያ መምህራችሁን ፈልጉ፤ ከዚያም ግቢያችሁን እወቁ፤ በመጨረሻም ትምህርቱ ከመጀመሩ ቢያንስ አንድ ወር ቀደም ብላችሁ በአጠገቡ ቤት ያዙ። ይህን ቅደም ተከተል የጠበቀ ተማሪ የሁለቱን ዓመት ጊዜ ለመጣበት ጉዳይ ያውለዋል።