በጥልቅ የተቀበረ ጠገራ ብርና የብረት መፈለጊያ መሣሪያ አመራረጥ

በየመሥሪያ ቤቱ በሻይ ሰዓት ከሚነሡት ወሬዎች አንዱ የተቀበረ ብር ወሬ ነው። አንዱ፣ አያቱ በጠላት ወረራ ዘመን አንድ ማሰሮ ሙሉ ጠገራ ብር ከጓሮው ዋርካ ሥር ቀብረው ቦታውን ለማንም ሳይናገሩ እንዳረፉ ይተርካል። ሌላው ደግሞ እስከ አሥር ሜትር ጥልቀት ድረስ ወርቁን ከብሩ ለይቶ የሚያሳይ መሣሪያ ከውጭ አገር እንደሚመጣ ይጨምርበታል። ወሬው በዚሁ ቢያበቃ ጉዳት ባልኖረው ነበር። ነገር ግን የዕቁብ ገንዘብና ከደመወዝ የተቈጠበ ጥሪት ለመሣሪያው መግዣ ሲውል፣ ነገሩ ከጨዋታነት ያልፋል። ስለዚህ በዛሬው ንግግራችን መሣሪያው በእውነት ምን እንደሚሠራ፣ ምንስ እንደማይሠራ እንመለከታለን።

አስቀድሞ የሚፈለገውን ነገር ማወቅ ይገባል። ጠገራ ብር የምንለው የኦስትሪያዋ ንግሥት የማርያ ቴሬዛ መልክ ያለበት ገንዘብ ነው። ንግሥቲቱ በ1780 እ.ኤ.አ. ካረፉ በኋላ እንኳ ብሩ ይህንኑ ዓመት እንደ ያዘ ሲመታ ኖረ። ስለዚህም ብሩ ላይ 1780 የሚል ስላዩ ብቻ የዚያ ዘመን ቅርስ እንዳይመስልዎ፤ ፋሺስት ኢጣልያ ራሷ ከ1935 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሮማ አስመትታዋለች። ክብደቱ 28 ግራም ያህል ነው፤ የክቡ ስፋት ወደ 40 ሚሊ ሜትር ይጠጋል፤ ከመቶው 83 እጅ የሚሆነው ንጹሕ ብር ሲሆን የቀረው መዳብ ነው። እንግዲህ አንድ ሺህ ጠገራ ብር 28 ኪሎ ግራም ይመዝናል ማለት ነው። ይህን ሸክም ይዞ መሸሽ ለማንም ቀላል አይደለም። የሐበሻ ባንክ በ1898 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከተከፈተም በኋላ ቢሆን፣ ለባላገሩ ባንኩ መሬቱ ነበረ። አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ በሐምሌ 1937 ዓ.ም. ሲወጣ ከየማሰሮው ያልወጣ ብር ነበረ ቢባል፣ ወሬውን እንዲያው ተረት ነው ብሎ መናቅ አይቻልም።

አሁን ወደ መሣሪያው እንምጣ። የመሣሪያው አባት ከሚባሉት አንዱ የስልክ ፈልሳፊ የሆነው አሌክሳንደር ግራሃም ቤል ነው። በ1881 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጋርፊልድ በጥይት በቈሰሉ ጊዜ፣ በሰውነታቸው ውስጥ የቀረችውን ጥይት ለማግኘት ቤል በኤሌክትሪክ የሚሠራ መፈለጊያ አዘጋጀ። መሣሪያው በሌላ ሰው ላይ ሲሞከር ጥይት ያገኝ ነበር፤ በፕሬዚዳንቱ ላይ ግን ግራ አጋባ። ካስቸገሩት ነገሮች አንዱ የተኙበት ፍራሽ የብረት ጥቅል ሽቦ ያለበት መሆኑ ነበረ። ይህ ነገር ዛሬም እንዳለ ነው፤ መሣሪያው የተፈለገውን ብቻ ሳይሆን በዙሪያው ያለውን ሁሉ ይሰማል። ኋላም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዩዜፍ ኮሳትስኪ የተባለ የፖላንድ መኰንን የፈንጂ መፈለጊያ ሠራ፤ ይኸውም በ1942 እ.ኤ.አ. በኤል አላሜን ውጊያ እንግሊዞችን አገለገላቸው።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። ከዘንጉ ጫፍ ባለው ክብ ሳህን ውስጥ የመዳብ ሽቦ ተጠቅልሎ ይገኛል። በአንደኛው ጥቅል ውስጥ አቅጣጫውን ቶሎ ቶሎ የሚለዋውጥ ኤሌክትሪክ ሲያልፍ የማግኔት ኃይል ወደ ምድር ይወርዳል። ይህ ኃይል ብሩን በነካው ጊዜ በብሩ ውስጥ ትንንሽ የኤሌክትሪክ አዙሪት ይፈጠራል፤ አዙሪቱም የራሱን የማግኔት ኃይል ወደ ላይ ይመልሳል። ሁለተኛው ጥቅል ይህን መልስ ተቀብሎ በጆሮ ወደሚሰማ ድምፅ ይለውጠዋል። ብር ከብረታ ብረት ሁሉ ይልቅ ኤሌክትሪክን በቀላሉ የሚያሳልፍ ስለሆነ መልሱ ጥሩ ነው፤ ጠገራ ብር ደግሞ ወፍራምና ሰፊ በመሆኑ ከትንንሽ ሳንቲሞች ይልቅ በቀላሉ ይሰማል።

ይሁን እንጂ ኃይሉ ወደ ታች ሲወርድ ይደክማል፤ መልሱም ወደ ላይ ሲመጣ እንደገና ይደክማል። በዚህ ምክንያት ብሩ ከሳህኑ ርቆ ሲገኝ፣ ጥልቀቱ እጥፍ በሆነ ቍጥር የመልሱ ብርታት በግማሽ ሳይሆን ወደ 64ኛ እጅ ይወርዳል። ይህን ቍጥር ልብ ይሏል፤ የሻጮች ማስታወቂያ ሁሉ የሚፈርሰው በእርሱ ነውና። ፋብሪካው ወደ ምድር የሚላከውን ኃይል እጥፍ አድርጎ ቢያበረታው እንኳ ጥልቀቱ የሚጨምረው በስምንተኛ እጅ ገደማ ብቻ ነው። ባለ ሁለት እጥፍ ዋጋ መሣሪያ ባለ ሁለት እጥፍ ጥልቀት አይሆንም። አንዲት ጠገራ ብር ለብቻዋ በመልካም አፈር ውስጥ በአንድ ስንዝር፣ ቢበዛም በስንዝር ተኩል ጥልቀት ብትሰማ ደግ ነው። ከዚህ በታች ያለችውን አንዲት ብር አገኛለሁ የሚል ሰው ምኞቱን ይናገራል።

የማሰሮው ነገር ግን ሌላ ነው። አንድ ሺህ ብር በአንድነት ሲከማች ለመሣሪያው እንደ አንድ ትልቅ ብረት ስለሚታየው፣ እስከ ሁለት ክንድና ከዚያም አልፎ ሊሰማ ይችላል። ጀርሲ በተባለችው ደሴት ሁለት ሰዎች የአንድ እርሻ ወሬ ሰምተው 30 ዓመት ያህል ፈልገው በ2012 እ.ኤ.አ. ወደ 70,000 የሚጠጋ ጥንታዊ ገንዘብ ተጣብቆ እንደ ድንጋይ ክምር ሆኖ ከአንድ ሜትር ገደማ ጥልቀት አግኝተዋል። ከክምሩ የተነጠለች አንዲት ሳንቲም በዚያ ጥልቀት ብትሆን ኖሮ ምንም ዓይነት የእጅ መሣሪያ አይሰማትም ነበር። ስለዚህ ሻጩ ዘንድ ከመሄድዎ በፊት፣ የተበተነ ብር ነው የምፈልገው ወይስ ማሰሮ ብለው ራስዎን ይጠይቁ። ሁለቱን እኩል የሚሠራ መሣሪያ የለም።

ለተበተነ ብር የሚሻለው 28 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ሳህን ነው። ሳህኑ በሰፋ መጠን ወደ ታች ይዘልቃል፤ ነገር ግን ብዙ አፈር በአንድ ጊዜ ስለሚያይ ጥቃቅኑን ይዘለዋል፤ ክንድንም ያደክማል። ለማሰሮ ደግሞ ሁለት ሣጥኖች በረጅም ዘንግ ጫፍና ጫፍ የተሰቀሉበት መሣሪያ አለ። ይኸኛው ሚስማሩንም ነጠላውንም ብር ጨርሶ አይሰማም፤ ትልቅ ክምችት ብቻ ይፈልጋል። መልኩ አያምርም፣ ሻጩም በመደርደሪያው ፊት አያስቀምጠውም፤ ለአያት ማሰሮ ግን እውነተኛው እርሱ ነው።

ቀጥሎ የሚጠየቀው፣ ኤሌክትሪኩ በአንድ ሰከንድ ስንት ጊዜ ይመላለሳል የሚለው ነው። ይህ በኪሎ ኸርዝ ይቈጠራል። ዝቅተኛው፣ ማለት ከ3 እስከ 8 ኪሎ ኸርዝ የሚሆነው፣ እንደ ጠገራ ብር ላለ ወፍራምና ኤሌክትሪክ በደንብ ለሚያሳልፍ ነገር ይስማማል። ከ40 ኪሎ ኸርዝ በላይ የሆነው ለጥቃቅን የወርቅ ፍሬ የተሠራ ነው። ስለሆነም፣ ለወርቅ ማውጫ አገር የተሠራ ውድ መሣሪያ ገዝቶ ብር ልፈልግበት ማለት ለቀለበት የተሠራ መዶሻ ይዞ ድንጋይ እንደ መፍለጥ ነው። ዛሬ ብዙ ዓይነት ምልልስ በአንድነት የሚልኩ መሣሪያዎች ስለ ወጡ፣ አቅም ያለው ሰው እነዚህን ቢመርጥ አይሳሳትም።

ከሁሉ በላይ የሚያስቸግረው ግን አፈሩ ነው፤ ሻጩም ብዙ ጊዜ የማያነሣው ይህንኑ ነው። የደጋችን አብዛኛው ክፍል ከእሳተ ገሞራ በወጣ ጥቁር ድንጋይ ላይ የተመሠረተ ነው፤ ከዚህ ድንጋይ የተገኘው ቀይ አፈር ብረት አዘል ነው። እንዲህ ያለው አፈር ራሱ ለመሣሪያው መልስ ይሰጣል፤ የብሩም ደካማ ድምፅ በአፈሩ ጩኸት ውስጥ ይጠፋል። በኤሮፓ ለስላሳ እርሻ ላይ የተለካው ጥልቀት በእኛ ቀይ አፈር ላይ በግማሽ ቢወርድ አያስደንቅም። ስለዚህ የአፈሩን ድምፅ በእጅ ለማስተካከል የሚያስችል ቍልፍ የሌለውን መሣሪያ አይግዙ። ኃይሉን በአንድ ጊዜ ልኮ፣ ጥቂት ዝም ብሎ፣ ከዚያ መልሱን የሚያዳምጥ ሌላ ዓይነትም አለ። ይህ የአፈሩን ጩኸት በጣም ያሳንሳል፤ በብር ውስጥ ያለው አዙሪት ቶሎ ስለማይሞትም ብሩን በደንብ ይሰማል። ጕድለቱ ሚስማሩን ከብሩ ለይቶ መናገር አለመቻሉ ነው፤ በዚህ መሣሪያ የሚፈልግ ሰው ብዙ ዝገት ለመቈፈር ወገቡን ያዘጋጅ።

ሌሎቹ መሣሪያዎች ግን የብረቱን ዓይነት በቍጥር ወይም በድምፅ ቅጥነት ይለያሉ። ቢሆንም መለየታቸው ግምት እንጂ ምስክርነት አይደለም። የጥይት ቀለህ ከነሐስ የተሠራ ስለሆነ ድምፁ ወደ ብሩ ይጠጋል፤ ጦርነት ባለፈበት አገር ደግሞ ቀለህ ከብር ይበዛል። አንድ የዛገ ሚስማር ከብሩ በላይ ቢተኛ የብሩን ድምፅ ሊሸፍነው ይችላል። ብሩ በጠርዙ ቆሞ እንደሆነም መልሱ ይቀንሳል።

ከዚህ ወዲያ ሊነገር የሚገባው ስለ አታላዮች ነው። ሽቦም ሳህንም የሌለው፣ እጀታ ላይ የሚወዛወዝ አንቴና ብቻ ያለው፣ ከመቶ ሜትር ርቀት ወርቅና ብር ይጠቍማል የሚባል ዕቃ ይሸጣል። ይህን የሚደግፍ አንድም የታወቀ የተፈጥሮ ሕግ የለም። ኤ ዲ ኢ 651 የተባለ የዚሁ ዓይነት ዕቃ ቦምብ ያገኛል ተብሎ ለኢራቅ መንግሥት በብዙ ሚሊዮን ሲሸጥ ኖሮ፣ መነሻው የጎልፍ ኳስ መፈለጊያ ተብሎ የሚሸጥ መጫወቻ መሆኑ ተገለጠ፤ ሻጩም በ2013 እ.ኤ.አ. በለንደን ችሎት 10 ዓመት እስራት ተፈረደበት። በኬላ ላይ ወታደሮች ሕይወታቸውን በዚያ ዕቃ አምነው ነበር። መንግሥትን ያታለለ ዕቃ አንድን የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ማታለል አያቅተውም።

እንግዲህ መሣሪያውን መፈተን ይቻላል። ከብር አንጥረኞች አንድ ጠገራ ብር ይዋሱ ወይም ይግዙ። ብር ሊፈልጉበት ካሰቡት ቦታ ዓይነት አፈር ላይ፣ የላዩን አፈር ሳያናውጡ ከጎን በኩል ጕድጓድ ሠርስረው ብሩን በአንድ ስንዝር ጥልቀት ያግቡት። ከዚያ ሻጩ ራሱ በላዩ ላይ ይመላለስ። የት እንዳለ ላልነገሩት ለሌላ ሰውም መሣሪያውን ሰጥተው ያስፈልጉት። በሱቅ ውስጥ በአየር ላይ ብር እያሳለፉ የሚደረገው ፈተና ስለ አፈሩ ምንም አይነግርም። ፈተናውንም ከኤሌክትሪክ ምሰሶ ራቅ ብለው፣ የእጅ ስልክዎን አጥፍተው ያድርጉ።

ነገር ግን ገንዘብዎን ከመክፈልዎ በፊት ሁለት ነገር ያስቡ። አንደኛው ሕጉ ነው። በሕገ መንግሥቱ መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቍጥር 209/1992 መሠረት ደግሞ ቅርስ ለመፈለግ ያለ ፈቃድ መቈፈር የተከለከለ ነው፤ ሳያስቡት ቅርስ ያገኘ ሰውም ለባለሥልጣኑ ማስታወቅ ግዴታው ነው። አክሱም የራሷን የወርቅ፣ የብርና የነሐስ ገንዘብ የመታች አገር ናት፤ በዚያ ዙሪያ ከመሬት የሚወጣ ሳንቲም የአያትዎ ማሰሮ ሳይሆን የታሪክ ሰነድ ነው። መሣሪያውን ከውጭ ለማስመጣትም አስቀድሞ ጉምሩክን መጠየቅ ይገባል። ሁለተኛው የሕይወት ጉዳይ ነው። መሣሪያው ፈንጂንም እንደ ብር አድርጎ ይነግርዎታል። ውጊያ በነበረበት ቦታ ድምፅ ሰማሁ ብሎ ዶማ ማንሣት ፈጽሞ አይገባም።

በ1992 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር ሆክስን በተባለ መንደር አንድ ጡረተኛ አትክልተኛ፣ ገበሬ ወዳጁ እርሻ ላይ የጣለውን መዶሻ በብረት መፈለጊያ ሲፈልግለት የሮማውያን ዘመን ብር አገኘ። ጥቂት አውጥቶ ቍፋሮውን አቆመና ለመንግሥት አስታወቀ። በማግሥቱ የመጡት የጥንት ታሪክ ሊቃውንት ብሩ የነበረበትን ሣጥን ቅሪት እንኳ ሳያፈርሱ 14,272 የብር ገንዘብና 569 የወርቅ ገንዘብ ከቦታው አነሡ። መዶሻውም ተገኝቶ ኖሮ፣ ዛሬ ከሀብቱ ጋራ በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል።