የቤት ገመድ አልባ መገናኛ ሲሰናከል የሚያገለግሉ ቃላት

በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመለከተው፣ በቤት ውስጥ የሚገኝ ኮምፒዩተር ያለ ገመድ ከኢንተርኔት ጋር የሚገናኝበት መንገድ ሲሰናከል ተጠቃሚው ችግሩን ለመግለጽና ለማቃናት የሚያስፈልጉትን የአማርኛ ቃላት ነው። ጉዳዩ የመሐንዲስ እንጂ የቋንቋ ባለሙያ አይደለም የሚል ቢኖር፣ ያልታሰበበት ስያሜ ደኅናውን መሣሪያ ከሥራ ውጭ ሊያደርግ እንደሚችል ከዚህ በታች እናሳያለን።

ከአሰላ በስተ ደቡብ፣ ወደ በቆጂ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በሳጉሬ የሚኖር አንድ መምህር፣ አሰላ ለሚገኝ ባለሙያ ደውሎ «ኔትወርክ የለም» አለ እንበል። ባለሙያው ከዚህ አነጋገር ምን ይረዳል? «ኔትወርክ» የተባለው የተውሶ ቃል በዛሬው አማርኛ ቢያንስ ሦስት ነገሮችን ጠቅልሎ ይዟል፤ እነርሱም የእጅ ስልክ የሬዲዮ ምልክት፣ በኮምፒዩተሩና በራውተሩ መካከል ያለው የቤት ውስጥ ግንኙነት፣ እንዲሁም ከራውተሩ አልፎ እስከ አገልግሎት ሰጪው የሚዘልቀው መስመር ናቸው። የውጭው መስመር ተቋርጦ ከሆነ ኮምፒዩተሩን መነካካት ከንቱ ድካም ነው። በአንጻሩ በዚያው ራውተር የሚጠቀም ሌላ መሣሪያ ኢንተርኔት እያገኘ ኮምፒዩተሩ ብቻ ካጣ፣ እንከኑ ከኮምፒዩተሩ ዘንድ መፈለግ አለበት።

ሕዝቡ ግን ይህን የሚለይበት ግሥ አላጣም። «ዋይፋዩ አልያዘም» የሚል ሰው የቤት ውስጡን ግንኙነት፣ «ይዟል፤ ኢንተርኔት ግን የለም» የሚል ደግሞ የውጭውን መስመር ማመልከቱ ነው። ተርጓሚው «መያዝ»ን የተራ ሰው ቃል ነው ብሎ ሊንቀው አይገባም። «ግንኙነት አልተሳካም» የሚለው ደረቅ ሐረግ የተበጠሰውን ቦታ አይናገርም፤ «ኮምፒዩተሩ ራውተሩን አልያዘም» የሚለው ግን ይናገራል። ይዞም አድራሻ ያላገኘ ኮምፒዩተር አለ። በዊንዶውስ የሚሠራ ኮምፒዩተር ራውተሩ አድራሻ ሳይሰጠው ሲቀር በ169.254 የሚጀምር ቁጥር ለራሱ ያወጣል። ይህንንም «ይዟል፤ አድራሻ ግን አልተሰጠውም» ብሎ መግለጽ ይበቃል፤ ለዚህ ከግእዝ አዲስ ቃል መፍጠር አያሻም።

የስያሜን ነገር ካነሣን «ገመድ አልባ አውታረ መረብ» ጥቂት ፈገግ ያሰኛል። «አውታር» በግእዝ የ«ወተር» ብዙ ቁጥር ሲሆን ጅማት፣ ክር፣ ገመድ ማለት ነው፤ የበገናውም አውታር ይኸው ነው። ስለዚህ ሐረጉ በጥሬው ገመድ የሌላቸው ገመዶች ማለት ይሆናል። ነገር ግን «ስልክ»ም ከዐረብኛ ሲመጣ ሽቦ ማለት ነበር፤ ዛሬ ሽቦ የሌለውን ስልክ በኪስ ይዘን ስንዞር ማንም አይደናገርም። በመሆኑም ስያሜው ቢቀጥል ነውር የለውም። «ዋይፋይ» ግን እ.ኤ.አ. በ1999 ለንግድ የወጣ ስም ስለሆነ ሳይተረጐም እንዳለ ሊቀመጥ ይገባዋል።

«መብራት» የበለጠ ያሳስባል። ቃሉ የኤሌክትሪክ ኃይልንም አምፖልንም ስለሚያመለክት፣ «መብራቱ መኖሩን ያረጋግጡ» የሚል መመሪያ ያነበበ ሰው ጣሪያውን አይቶ ሊመለስ ይችላል፤ የተፈለገው ግን በራውተሩ ፊት ላይ ያለችው ትንሽ መብራት ነበረች። ይህችን «ጠቋሚ መብራት» ማለት፣ የቀረውንም «የኤሌክትሪክ ኃይል» ብሎ መጥራት ይሻላል።

ከሁሉ የከፋው «ዳግም አስጀምር» ነው። በአማርኛ በተዘጋጁ የኮምፒዩተርና የስልክ ገጾች ይህ አንድ ሐረግ ለሁለት ፈጽሞ ለማይመሳሰሉ ድርጊቶች ሲውል ይታያል። አንደኛው መሣሪያውን አጥፍቶ ማብራት ነው፤ ራውተሩን ከኃይል ነቅሎ ግማሽ ደቂቃ ያህል ቆይቶ መመለስ ብዙውን ችግር ያቃናል፤ የሚያጠፋውም ነገር የለም። ሁለተኛው በራውተሩ ጀርባ፣ በመርፌ ወይም በቀጭን ሽቦ ብቻ የምትደረሰውን ቁልፍ ለጥቂት ሰከንዶች ተጭኖ መያዝ ነው። ይህ መሣሪያው ከፋብሪካ ሲወጣ ወደነበረበት ይዞታ ይመልሰዋል፤ ባለቤቱ ያወጣለት የዋይፋይ ስምና የይለፍ ቃል፣ በውስጡ ተጽፎ ከሆነም የደንበኛው መለያ አብሮ ይደመሰሳል። ባለሙያው በስልክ «ዳግም አስጀምረው» ቢል መምህሩ የትኛውን ያድርግ? ቁልፊቱን ከተጫነ፣ በአንድ ደቂቃ ሊፈታ ይችል የነበረው ችግር መለያውን የሚያውቅ ሰው እስኪገኝ የሚያስጠብቅ ይሆናል።

ስለዚህ የመጀመሪያውን «አጥፍቶ ማብራት»፣ ሁለተኛውን «ቅንብሩን መደምሰስ» እንድንል ሐሳብ እናቀርባለን። «ወደ ፋብሪካ ይዞታ መመለስ» የሚሉ አሉ፤ ስሕተት ባይሆንም «መመለስ» መልካም ነገር ስለሚመስል አደጋውን ይሸፍናል። ሁለቱ በመዝገበ ቃላት በየራሳቸው መግቢያ ቃል ሥር ይቀመጡ፤ በሁለተኛው ፍች ላይም «ከመደምሰስ በፊት መለያውና የይለፍ ቃሉ በወረቀት ይገልበጡ» የሚል ማሳሰቢያ ይታከልበት።