የዝነኞች ወሬና ድምፅ ያጣው የሕዝብ ጉዳይ

ዜና አንድ ማኅበረሰብ በዓይኑ ሊያየው፣ በእግሩም ሊደርስበት የማይችለውን ነገር እንዲያውቅና በጊዜው መላ እንዲፈልግ የሚያስችለው አገልግሎት ነው። በአንድ ወረዳ ዝናብ ሲዘገይ፣ በሌላው የከብት በሽታ ሲገባ፣ የሕዝብ ገንዘብ ከታቀደለት ሥራ ውጭ ሲውል ለሚመለከተው ሁሉ ቀድሞ ማሰማት የዜና ተግባር ነው። ይሁን እንጂ በዘመናችን የመገናኛ ብዙኃንን ሰዓትና ገጽ በብዛት የያዘው ሌላ ነገር ነው፤ የትኛው ተዋናይ ከትዳሩ እንደ ተለያየ፣ የትኛዋ ድምፃዊት ምን ዓይነት መኪና እንደ ገዛች፣ የትኛው ኳስ ተጫዋች በየት አገር ዕረፍቱን እንዳሳለፈ የሚተርክ ወሬ።

ስለ ሰው ኑሮ ለመስማት መጓጓት የቆየ የሰው ጠባይ ስለሆነ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ዝነኞችን ወይም ወዳጆቻቸውን መንቀፍ አይደለም። የመገናኛ ብዙኃን ሰዓት ግን እንደ እርሻ መሬት የተወሰነ ነው፤ አንዱ ከተዘራበት ሌላው አይበቅልበትም። ወሬው በያዘው ቦታ ላይ ምን ሳይነገር እንደ ቀረ፣ ይህም ምን ዋጋ እንዳስከፈለ፣ ለምን እንደሚሆንና የሰበካ ጉባኤያት ምን ሊያደርጉ እንደሚችሉ በቅደም ተከተል እንመለከታለን።

የአንድ ምሽት ዜና

ሰኔ 10 ቀን 1986 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ በሎስ አንጀለስ አካባቢ አውራ ጎዳናዎች ላይ አንድ ነጭ መኪና በፖሊስ መኪኖች እየተከተለ ይጓዝ ነበር። በውስጡ የነበረው በአሜሪካ እግር ኳስ ተጫዋችነቱና በፊልም ተዋናይነቱ የታወቀው ኦ. ጄ. ሲምፕሰን ሲሆን፣ የቀድሞ ባለቤቱንና አንድ ወዳጇን ገድሏል ተብሎ ይፈለግ ነበር። ታላላቆቹ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች መደበኛ ዝግጅታቸውን አቋርጠው ጉዞውን ከሄሊኮፕተር በቀጥታ አስተላለፉ፤ 95 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ እንደ ተመለከተውም ይገመታል። ተከሳሹ በወንጀል ችሎቱ ነፃ እስከ ተባለበት እስከ መስከረም 1988 ዓ.ም. ድረስ ጉዳዩ የአሜሪካ ቴሌቪዥን ዋነኛ መነጋገሪያ ሆኖ ቆየ።

በዚያው ሰኔ፣ በአህጉራችን በሩዋንዳ፣ መጋቢት 29 ቀን 1986 ዓ.ም. የተጀመረው የዘር ማጥፋት ወንጀል ሦስተኛ ወሩን ይዞ ነበር። በመቶ ቀናት ገደማ ውስጥ 800,000 የሚያህል ሕዝብ እንዳለቀ ይገመታል። የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት በዚያች አገር የነበረውን 2,500 ያህል የሰላም አስከባሪ ኃይል ማጠናከር ሲገባው፣ ሚያዝያ 13 ቀን ቁጥሩ ወደ 270 ዝቅ እንዲል ወሰነ። በሩዋንዳ የነበሩ ጥቂት ዘጋቢዎች ሕይወታቸውን ለአደጋ አጋልጠው ይዘግቡ ነበር፤ ስለዚህ ዜናው ፈጽሞ አልነበረም ማለት አይቻልም። ነገር ግን በአሜሪካ ቤቶች የገባው በጥቂት ደቂቃዎች ተመጥኖ ነው። አንድ መንግሥት ሕዝቡ ያልተነጋገረበትንና ያልጠየቀውን ነገር ችላ ማለት ቀላል ይሆንለታል። አንዲት መኪና ለሰዓታት ስትታይ ያመሸችበት አገር ስለ ሩዋንዳ መንግሥቱን በብርቱ አለመጠየቁ የዚህ አንዱ ማሳያ ነው።

ዝግ ብሎ የሚመጣ ጥፋት

ከጦርነት ይልቅ ለዜና የሚያስቸግረው ቀስ በቀስ የሚመጣ ጥፋት ነው። ድርቅ የሚጀምርበት ሰዓት የለውም፤ ሪባን አይቆረጥለትም፤ መግለጫም አይሰጥበትም። የምንጭ መድረቅ፣ የአፈር መሸርሸር፣ የሕፃናት መቀንጨር፣ የትምህርት ጥራት መውረድ ሁሉም በየቀኑ ጥቂት በጥቂት የሚሆኑ ናቸው። ትናንትና ከነበረው ዛሬ እጅግ የተለየ ነገር ስለሌለ ለዜና አዘጋጁ «አዲስ ነገር» ሆነው አይታዩትም።

በአገራችን ታሪክ ይህ በሁለት ታላላቅ መከራዎች ታይቷል። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. የወሎ ሕዝብ በረኀብ ሲያልቅ የመንግሥቱ ጋዜጦች የፊት ገጽ የቤተ መንግሥት ጉብኝትና አቀባበል ነበር። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ያዘጋጀው ፊልም በአገሩ ቴሌቪዥን የታየው ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. ነው። የኢትዮጵያ ሕዝብ ግን የረኀቡን ምስል በቴሌቪዥን ያየው መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው በወረዱበት ዋዜማ፣ ከቤተ መንግሥት ግብዣ ጋር እየተቀያየረ ሲቀርብለት ነበር። ዘግይቶ የተነገረው እውነት በዚያን ጊዜ ለረኀብተኛው እንጀራ መሆኑ ቀርቶ ለፖለቲካ መሣሪያ ሆነ።

ከዐሥር ዓመት በኋላ ነገሩ ተደገመ። የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን በመጋቢት 1976 ዓ.ም. ለለጋሽ አገሮች የረኀቡን አደጋ አስታውቆ እህል ጠይቆ ነበር። በመስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮቱ ዐሥረኛ ዓመት በታላቅ ድግስ ሲከበር የአገር ውስጥ መገናኛ ብዙኃን የሰልፉን ዜና ያስተጋቡ ነበር። የዓለም ሕዝብ የነቃው ማይክል ቡርክና ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ ሞሐመድ አሚን ከኮረም ያቀረቡት ዘገባ ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. በቢቢሲ በታየ ጊዜ ነው። ማስጠንቀቂያው ከተሰጠበት እስከዚያ ቀን ድረስ ሰባት ወር ያህል አለፈ። በእነዚያ ወራት የሞቱት ሰዎች በእህል እጥረት ብቻ የሞቱ አይደሉም፤ ወሬያቸው በጊዜው ሰሚ ጆሮ ባለማግኘቱም ጭምር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ፍትሐዊ ጥያቄ ይነሣል፤ «ያን ጊዜ እርዳታ ያሰባሰቡት ዝነኞች አይደሉምን?» የሚል ነው። እውነት ነው፤ ቦብ ጌልዶፍና ባልደረቦቹ ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. በለንደንና በፊላደልፊያ ያዘጋጁት የሙዚቃ ዝግጅት ብዙ ገንዘብ አስገኝቷል። ዝና ለበጎ ሥራ ሊውል ይችላል፤ የሚያመሰግነውም ብዙ ነው። ነገር ግን ዝነኛው የመጣው ምስሉ ከታየ በኋላ፣ ምስሉም የታየው ሞቱ ከበዛ በኋላ መሆኑን ልብ ማለት ይገባል። ዝና የተነገረውን ነገር ድምፅ ያጎላል፤ ያልተነገረውን ግን ከስፍራው ሄዶ የሚመረምር ዘጋቢ ያስፈልገዋል።

ይህ የሩቅ ዘመን ታሪክ ብቻ አይደለም። በጎረቤታችን በሶማሊያ የዝናብ እጥረት እንደሚመጣ የቅድመ ማስጠንቀቂያ ባለሙያዎች ከ2002 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ሲናገሩ ነበር። ሚያዝያ 21 ቀን 2003 ዓ.ም. የዓለም ቴሌቪዥኖች ከለንደን የእንግሊዝን ልዑል ሠርግ በቀጥታ ሲያስተላልፉ፣ በደቡብ ሶማሊያ የበልጉ ዝናብ እየከሸፈ ነበር። ረኀብ መግባቱ በይፋ የታወጀው ሐምሌ 13 ቀን 2003 ዓ.ም. ነው። በኋላ በተደረገ ጥናት ከጥቅምት 2010 እስከ ሚያዝያ 2012 እ.ኤ.አ. 258,000 ያህል ሰዎች በዚያ ረኀብ ሳቢያ እንደ ሞቱ ተገምቷል፤ ከእነርሱ ከግማሽ የሚበልጡት ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ነበሩ።

በ1998 እ.ኤ.አ. በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኙት ሕንዳዊው ምሁር አማርትያ ሴን ነፃ ጋዜጣና ተጠያቂ መንግሥት ባለበት አገር ታላቅ ረኀብ እንደማይደርስ አስተምረዋል። ከዚሁ ጋር ግን ብዙ ጊዜ የማይጠቀስ ነገር ጨምረዋል፤ ይኸውም ነፃ ጋዜጣ ያላት ሕንድ ታላቅ ረኀብን ብትከላከልም፣ በየዕለቱ የሚገድለውን ሥር የሰደደ የምግብ ጉድለት ግን ጋዜጦቿ አጥብቀው አለማንሳታቸውን ነው። በእኛም አገር በ2011 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ መሠረት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 37 በመቶ የሚሆኑት የቀነጨሩ ናቸው። በ1992 ዓ.ም. ቁጥሩ 58 በመቶ ነበር። መሻሻሉ የሚያስመሰግን፣ የቀረውም የሚያሳስብ ሆኖ ሳለ፣ ሁለቱም ቢሆኑ የአንድ ተዋናይን ሠርግ ያህል ሲወራባቸው አይሰማም።

ስለ ምን እንዲህ ይሆናል?

የመጀመሪያው ምክንያት ወጪ ነው። አንድ ዘጋቢ ወደ ሩቅ ወረዳ ሄዶ የውኃ ጉድጓድ ለምን እንደ ተበላሸ ለመመርመር መኪና፣ ነዳጅ፣ ውሎ አበልና የብዙ ቀን ጊዜ ይፈልጋል። የዝነኛ ወሬ ለማቅረብ ግን አንዲት ክፍል፣ አንድ ካሜራና ከሰው የፌስቡክ ገጽ የተወሰደ ፎቶግራፍ ይበቃል።

ሁለተኛው ገቢ ነው። ማስታወቂያ የሚያስነግር ድርጅት የሚከፍለው ለሚመለከተው ሰው ብዛት ነው፤ በዩቲዩብም የባለ ገጹ ገቢ በአብዛኛው ከተመልካቹ ቁጥር ጋር የተያያዘ ነው። ስለዚህ አስደንጋጭ ርእስ የሰጠ ያተርፋል። ይህ ገበያ ልጓም ሲያጣ እስከ ምን እንደሚያደርስ የእንግሊዙ «ኒውስ ኦፍ ዘ ወርልድ» ጋዜጣ ይመሰክራል። ከ1843 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይታተም የነበረው ይህ ጋዜጣ ባልደረቦቹ የዝነኞችን፣ እንዲያውም የተገደለች ተማሪን የስልክ መልእክት በሕገ ወጥ መንገድ ማዳመጣቸው ስለ ተጋለጠ በሐምሌ 2011 እ.ኤ.አ. ተዘግቷል።

ሦስተኛው ፍርሃት ነው። የአንድ ድምፃዊ ፍቺ ዘጋቢውን ከሥልጣን ባለቤት ጋር አያጋጨውም፤ የአንድ መንገድ በጀት የት እንደ ገባ መጠየቅ ግን ሊያጋጨው ይችላል። ወሬ ከአደጋ የራቀ መሸሸጊያ ይሆናል።

አራተኛው እኛው ራሳችን ነን። የምንከፍተው፣ የምንጋራው፣ የምንነጋገርበት ነገር ሁሉ ነገ ምን እንደሚቀርብልን ይወስናል። በቤተ ክርስቲያን ዙሪያም ቢሆን የሰባክያንና የዘማርያን የግል ሕይወት ለተመልካች መሰብሰቢያ ሲሆን እያየን ነው፤ የአንድ ገጠር ደብር አገልጋይ ካህናት ያለ ደመወዝ መቅረታቸው ግን ያን ያህል ሰሚ አያገኝም።

የሰበካ ጉባኤ ድርሻ

የሰበካ ጉባኤ ዘጋቢ ያጣውን ነገር ይዟል፤ ይኸውም ከሕዝቡ ጋር ዓመቱን ሙሉ መኖር ነው። የገበያው የእህል ዋጋ ሲወጣ፣ ወጣቱ ቀዬውን ለቆ ሲሰደድ፣ የቀብር ቁጥር ሲጨምር ከሁሉ አስቀድመው የሚያውቁት ካህናትና የሰበካው አባላት ናቸው። ይህ ዕውቀት ግን ካልተጻፈ ከወሬ አይለይም። ስለዚህ በየወሩ ጥቂት ነገሮችን በመዝገብ ማስፈር ይጠቅማል፤ በሰበካው ካሉት የውኃ ተቋማት ስንቱ እንደሚሠራ፣ የአንድ ኩንታል እህል ዋጋ፣ ከትምህርት የቀሩ ልጆች ብዛት። «ሕዝቡ ተቸግሯል» የሚል አቤቱታ በቀላሉ ይታለፋል፤ «ከስድስቱ ጉድጓዶች አራቱ ከጥር ወር ጀምሮ አይሠሩም» የሚል ቃል ግን ለወረዳው ኃላፊም ለሬዲዮ ዘጋቢም የሚያዝ ነገር ነው።

መረጃው ከተዘጋጀ በኋላ ለወረዳው ኮሙኒኬሽን ጽሕፈት ቤት፣ ለክልሉ ሬዲዮና ለሀገረ ስብከቱ የልማት ክፍል በቀን፣ በቦታና በቁጥር ተደግፎ ሊቀርብ ይገባል። ዘጋቢ ሲመጣም የችግረኛውን ክብር መጠበቅ የሰበካው ኃላፊነት ነው፤ ፈቃዱን ሳይጠይቁ ፊቱን ማሳየት፣ ሕፃናትን ለርኅራኄ መቀስቀሻ ማድረግ ተገቢ አይደለም።

ከቅዳሴ በኋላ የሚነገረው ማስታወቂያም ብዙ ሕዝብ የሚሰማው መገናኛ መሆኑን መዘንጋት የለብንም። በአንዳንድ ቦታ የታላላቅ ለጋሾች ስም በዝርዝር ሲነበብ፣ የተሰበሰበው ገንዘብ ምን ላይ እንደ ዋለ ግን በአንድ ቃል ይታለፋል። ይህ ከላይ የነቀፍነው ልማድ በትንሹ ሲደገም ነው። ስም ከመጥራት ሂሳብን፣ ከምስጋናም ጋር የቀረውን ሥራ ማስቀደም ሕዝቡ ስለ ራሱ ጉዳይ የመጠየቅ ልማድ እንዲያዳብር ያግዘዋል።

አባቶች «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት» ይላሉ። በስልክ የደረሰን ነገር ሁሉ በዐውደ ምሕረት ከመናገር በፊት ማን እንደ ተናገረው፣ መቼና የት እንደ ሆነ፣ ማንስ እንዳረጋገጠው መጠየቅ ይገባል። እነዚህ ጥያቄዎች ያልተመለሱለት ነገር ከመድረክ ባይነገር የሚጎድል የለም።

በሚቀጥለው የሩብ ዓመት ስብሰባ እያንዳንዱ የሰበካ ጉባኤ በአጀንዳው ላይ አንድ ጥያቄ እንዲጨምር እናሳስባለን፤ «በሰበካችን ማንም ሳይናገርለት ቀስ በቀስ እየባሰ ያለው ነገር ምንድን ነው?» ለዚህ የሚሰጠው መልስ በቃለ ጉባኤ ተጽፎ፣ ቁጥርና ቀን ተጨምሮበት ለሚመለከተው ክፍል ይላክ።