ስኬጁላችሁን ፍሪጅ ላይ ለጥፉት



ባለፈው ሴሚስተር የክፍሌን የስም መቆጣጠሪያ ሳገላብጥ አንድ ልጅ አንድ ቅዳሜ እየመጣ በሚቀጥለው እንደሚቀር አየሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ የወላጅ ቸልተኝነት መስሎኝ ነበር። ከክፍል በኋላ ስልክ ደወልኩ። እናቱን ለካ ከእንቅልፍ ነው የቀሰቀስኳት።

“ይቅርታ ቲቸር” አለችኝ። “በየሁለት ሳምንቱ አርብ ማታ ዌርሃውስ እገባለሁ። ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ቆሜ ነው የማድረው። አባቱ ደግሞ ትራክ ላይ ነው፤ ቅዳሜ የት እንደሚያድር እሱም አያውቅም። እንቅልፌን ልተኛ ወይስ ልጄን ይዤ ልምጣ?”

አፈርኩ። ይሄን ጽሑፍ የምጽፍላችሁም ለዚህ ነው።

በጋዜጣውም በቴሌቪዥኑም “እንደ ሁኔታው የሚስተካከል የሥራ ሰዓት” ሲባል የምናየው ቤቱ ቁጭ ብሎ ላፕቶፕ የሚከፍተውን ሰው ነው። ከእኛ ወላጆች መካከልም እንዲህ የሚሠሩ አሉ፤ እሰየው። ብዙዎቻችን ግን በግሮቭፖርት፣ በኦቤትስ፣ በሪከንባከር አውሮፕላን ማረፊያ ዙሪያ ባሉት መጋዘኖች፣ በሆስፒታልና በአረጋውያን መንከባከቢያ ነው የምንውለውና የምናድረው። የእኛም ሰዓት ይለጠጣል እኮ! የሚለጥጠው ግን ሌላ ሰው ነው። ታክሲና ኡበር የሚነዱትም “የራሴ አለቃ እኔ ነኝ” ይላሉ፤ ነገር ግን ጥሩ ገንዘብ የሚገኘው ልጆች ከትምህርት ቤት በሚመለሱበት፣ ራት በሚበሉበትና ቅዳሜና እሁድ ነው።

እስቲ አብረን እናስላ። እኛ ጋ ልጃችሁ የሚማረው በሳምንት 2 ሰዓት ነው። ሳምንት ደግሞ 168 ሰዓት አለው። ፊደሉን እኛ እናስቆጥራለን፣ ቋንቋውን ግን ልጁ የሚወስደው ከናንተ አፍ ነው። እሱ ሲነቃ እናንተ ከተኛችሁ፣ እናንተ ስትነቁ እሱ ትምህርት ቤት ከሆነ፣ አማርኛውን ከማን ይስማ?

ሕጉ ምን ይላል? አገር ቤት በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። እዚህ ግን እንደ ትራክ መንዳት ካሉ ጥቂት ሙያዎች በቀር ለአዋቂ ሠራተኛ የሰዓት ጣሪያ የለም። እ.ኤ.አ. በ1938 የወጣው የፌዴራል ሕግ የሚለው፣ በሰዓት የሚከፈለው አብዛኛው ሠራተኛ በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ ለሠራው አንድ ተኩል እጥፍ ይከፈለው ነው። ስለዚህ ኦቨርታይም ግዴታ ነው ሊሏችሁ ይችላሉ፤ ሳይከፍሉ ማሠራት ግን አይችሉም።

በኦሪገን ክፍለ ግዛት ትልልቅ የችርቻሮ፣ የሆቴልና የምግብ ድርጅቶች ስኬጁሉን ከ14 ቀን በፊት በጽሑፍ እንዲሰጡ ሕግ ያስገድዳል። ኦሃዮ እንዲህ ያለ የክፍለ ግዛት ሕግ የላትም። ልጅ ሲወለድ ወይም ልጅ፣ ባለቤት፣ እናት ወይም አባት በጠና ሲታመሙ ግን እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው የቤተሰብና የሕክምና ፈቃድ ሕግ በዓመት እስከ 12 ሳምንት ይሰጣል። ክፍያ የለውም፣ ሥራችሁ ግን ይጠበቅላችኋል። ይህን ለማግኘት ድርጅቱ 50 እና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ሊኖሩት፣ እናንተም ቢያንስ አንድ ዓመት፣ ባለፉት 12 ወራት ደግሞ 1,250 ሰዓት የሠራችሁ መሆን አለባችሁ።

ሕጉ ቅዳሜን ስለማይሰጠን የሚቀረን መጠየቅ ነው። እዚህ ላይ ይሉኝታችን ይጎዳናል። “ምን ይሉኛል፣ ሥራዬን ባጣስ” እያልን ዝም እንላለን። ስትጠይቁ “ሰዓቴን ቀይሩልኝ” ብቻ አትበሉ። የምትፈልጉትንና በምትኩ የምትሰጡትን አብራችሁ አቅርቡ፦ “ቅዳሜ ጠዋትን ልቀቁልኝ፣ እሁድን እሠራለሁ” በሉ። በጽሑፍ ይሁን፣ ኮፒውንም ያዙ። በሳምንት 4 ቀን 10 ሰዓት የሚሠራበት ሺፍት ካለ መቼ እንደሚከፈት ጠይቁ። ከሥራ ባልደረባ ጋር ሺፍት መቀያየር ይፈቀድ እንደሆነም ኤች አርን አነጋግሩ።

ያቺ እናት ጠይቃ ነበር። ሱፐርቫይዘሯ ሙሉ ለሙሉ አልፈቀደላትም። ከባልደረባዋ ጋር በወር አንድ አርብ እንድትቀያየር ግን ተስማማ። ለቀረው ቅዳሜ በሬይኖልድስበርግ የምትኖር ሌላ እናት ልጁን ከልጆቿ ጋር ታመጣዋለች። ያቺኛዋ ሴት ጎረቤቷ ናት፤ እስከዚያ ቀን ግን ተዋውቀው አያውቁም ነበር።

ሌላም ነገር አደረገች፤ ለሁላችሁም የምመክረው ይሄንኑ ነው። የሥራ ስኬጁሏን በአማርኛ ጽፋ ፍሪጅ ላይ ለጠፈችው፦ “ሰኞ፦ ሥራ። ማክሰኞ፦ ሥራ። ረቡዕ፦ እረፍት።” ልጇ በየጠዋቱ ያነብላታል። የሳምንቱን ቀናት ከኔ ይልቅ ፍሪጁ ነው ያስተማረው። ሰዓቱንም ጭምር ለመደ። ልጆቻችን “12 ሰዓት ላይ እመጣለሁ” ስንላቸው እኩለ ቀን ወይም እኩለ ሌሊት ይመስላቸዋል፤ ከዚያ ጠብቀው ጠብቀው ያዝናሉ። ግድግዳ ላይ ያለውን ሰዓት አሳዩአቸው፦ አጭሩ ዘንግ 6 ላይ ሲሆን በአማርኛ የምናነበው ፊት ለፊቱ ያለውን 12 ነው። ጨዋታ ይመስላቸዋል፣ እናንተንም መቼ እንደሚያገኟችሁ ያውቃሉ።

በስኬጁሉ ላይ አንዲት መስመር ጨምሩ፦ “የኛ ሰዓት”። ሃያ ደቂቃም ትሁን። ሥራ ከመግባታችሁ በፊት ምሳ ስትቋጥሩ፣ መኪና ውስጥ፣ ወይም በእረፍት ሰዓት በስልክ። ትራክ የሚነዳው አባትም መኪናውን አቁሞ ሲያርፍ የት ከተማ እንደደረሰ፣ ምን እንደበላ በአማርኛ ይንገረው። የቤት ሥራ አትጠይቁት፤ አውሩት ብቻ። ያቺ ሰዓት ከሥራ ሰዓታችሁ እኩል ትከበር።

ከሚቀጥለው ቅዳሜ ጀምሮ በመግቢያው በር ላይ ወረቀት እንለጥፋለን። የምትኖሩበትን ሰፈር፣ ልጅ ማምጣት የምትችሉበትን ቅዳሜና ሰው የሚያስፈልጋችሁን ቅዳሜ ጻፉበት። ሥራ ኖሮባችሁ የቀራችሁ ደግሞ አትፈሩን፤ ንገሩን። ልጁ ያመለጠውን ፊደል በድምፅ ቀድተን እንልክላችኋለን። ከእንግዲህ እኔም ስደውል መጀመሪያ የምጠይቀው “ተኝተው ነበር እንዴ?” ብዬ ነው።